ስለ ዊትቢ ወደብና የባሕር ታሪኳ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰሜን እንግሊዝ የምንኖር ሐበሾች ሰመር ሲመጣ ልጆቻችንን ይዘን ዊትቢ እንሄዳለን፣ አብዛኛው ሰው ፊሽ ኤንድ ቺፕስ በልቶ ደረጃው ላይ ፎቶ ተነስቶ ማታ ይመለሳል። ከተማዋ ግን ከዛ በጣም የሚበልጥ ታሪክ አላት፣ እኔ ደሞ ይሄን ታሪክ ስለምወደው ሰው ሲሄድ ሁሌ ይጠይቀኛል። ስለዚ ቶሎ ቶሎ የሚመጡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስቤ መለስኳቸው። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ዊትቢ የት ናት? ወደቡስ ለምን እዛ ቦታ ላይ ሆነ?

ኖርዝ ዮርክሻየር ውስጥ፣ ኤስክ የሚባለው ወንዝ ሰሜን ባሕር ውስጥ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው ያለችው። ካርታ ላይ ብታዩት ከሃምበር ወንዝ እስከ ቲስ ወንዝ ያለው የባሕር ዳርቻ ረጅም ገደል ነው፣ ማዕበል ሲነሳ መርከብ ገብቶ የሚጠለልበት የተፈጥሮ ቦታ የለም ማለት ይቻላል፣ ዊትቢ ላይ ግን ወንዙ ገደሉን ሰንጥቆ ስለሚወጣ መርከቦች ወደ ውስጥ መግባት ይችላሉ። ችግሩ አፉ ጠባብ ነው፣ ውጪው ላይ ደሞ ባሕሩ ሲሞላ የማይታይ ድንጋይ አለ፣ ስለዚ መጠለያም ነው አደገኛም ነው። ይሄን ነገር ያዙት፣ ወደ በኋላ ስለ ላይፍቦቶቹ (መርከብ አደጋ ሲደርስበት ሰው የሚያወጡት ጀልባዎች) ስናወራ ያስፈልጋል።

ሌላ ደስ የሚል ነገር፣ ዳርቻው ወደ ሰሜን ስለሚያይ ሰኔ አካባቢ ፀሐይ ከባሕር ወጥታ እዛው ባሕር ላይ ትጠልቃለች።

ተራራው ላይ ያለው ፍርስራሽስ?

ገዳም ነው። ቅድስት ሂልዳ በ657 መሠረተችው፣ በ664 ደሞ የእንግሊዝ ቤተክርስቲያን ትልቁ ጉባኤ እዛ ተካሄደ፣ አንዱ የተከራከሩበት ነገር ፋሲካ መቼ ይውላል የሚለው ነው፣ ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ የኛ ሰው ክርክሩ እንግዳ አይሆንበትም። አሁን የሚታየው ሕንፃ ከዛ በኋላ የተሠራ ነው። ለመርከበኞች ግን ጥቅሙ ሌላ ነበር፣ ከሩቅ ስለሚታይ የት እንዳሉ የሚያውቁበት ምልክት ነበር። የመሀሉ ማማ በ1830 ወደቀ። አጠገቡ ያለው የቅድስት ማርያም ቤተክርስቲያንም መታየት አለበት፣ ውስጡ ስትገቡ ጣሪያው የመርከብ ነገር ይመስላል፣ የመርከብ አናጢዎች እጅ እንዳለበት ይነገራል።

ትንሽ ከተማ ሆና እንዴት ነው በመርከብ የታወቀችው?

ሰው ካፒቴን ኩክ (ታዋቂው የባሕር አሳሽ፣ ወደ በኋላ እናወራለታለን) ነው ብሎ ይመልሳል፣ ለኔ ግን መልሱ ድንጋይ ከሰል ነው። ከሱ በፊት ደሞ አሉም የሚባለው ጨው ነበር። አሉም ጨርቅ ሲቀለም ቀለሙ እንዲይዝ፣ ቆዳም ሲለፋ የሚያስፈልግ ነገር ነው፣ ከ1600ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከዊትቢ ግራና ቀኝ ካሉት ገደሎች ድንጋዩን እየቆፈሩ ለወራት ያቃጥሉታል፣ ከዛ በውሃ ይዘፈዝፉታል፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ሽንት ይጨመርበታል። አዎ የሰው ሽንት፣ ከለንደንና ከኒውካስል በበርሜል በመርከብ ይመጣ ነበር! እንግዲህ ይሄ ሁሉ ሥራ መርከብ ይፈልጋል፣ ከሰል ማምጫ፣ ሽንት ማምጫ፣ አሉሙን መውሰጃ። እንዲህ እንዲህ እያለ ከተማዋ መርከብ መሥራትም መንዳትም ለመደች።

ከዛ በኋላ ነው ትልቁ ሥራ የመጣው። ለንደን የሚሞቀውም የሚያበስለውም በድንጋይ ከሰል ነው፣ ከሰሉ ያለው ኒውካስልና ሰንደርላንድ ነው፣ ባቡር የለም፣ ስለዚ በባሕር ነው የሚሄደው። ዊትቢ ራሷ ከሰል የላትም፣ ግን መሀል ላይ ስለሆነች መርከቦቹን እየሠራች ባለቤቶቹም እዛው እየኖሩ በማጓጓዙ ሥራ ከበሩ። በ1790ዎቹ መጀመሪያ በመርከብ ሥራ ከለንደንና ከኒውካስል ቀጥሎ የምትጠራ ከተማ ነበረች። አሁን በሷ መጠን ያለች ከተማ ይሄን ታደርጋለች ብሎ ማንም አያስብም።

የከሰል መርከቦቹ ከሌላው መርከብ በምን ይለያሉ?

ቆንጆ አይደሉም፣ ፈጣንም አይደሉም። አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ነው፣ ሆዳቸው ሰፊ ነው፣ ታችኛው ክፍላቸው ደሞ ጠፍጣፋ ነው። ጠፍጣፋ የሆነበት ምክንያት ሥራው ስለሚፈልገው ነው፣ ብዙ ቦታ ላይ ከሰሉን የሚያራግፉት ባሕሩ ሲሸሽ መርከቧን አሸዋ ላይ አስቀምጠው ነው፣ ሆዷ ሹል የሆነ መርከብ እንደዛ ብትቀመጥ በጎኗ ትወድቃለች፣ እነዚህ ግን ቀጥ ብለው ይቀመጣሉ፣ ባሕሩ ሲሞላ ተነስተው ይሄዳሉ። እንጨታቸውም ወፍራም ነው ምክንያቱም በየጊዜው መሬት ይመታሉ። ብዙ ጭነት ይይዛሉ፣ ብዙ ሰው ግን አይፈልጉም፣ ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ካፒቴን ኩክ የዊትቢ ተወላጅ ነው?

አይደለም። ጄምስ ኩክ የተወለደው በ1728 ማርተን በሚባል መንደር ነው፣ አሁን ሚድልዝብራ ውስጥ ነው ያለው፣ እዛ የምትኖሩ ሐበሾች ሰፈራችሁ ነው ማለት ነው። አባቱ የእርሻ ሠራተኛ ነበር። ልጅ ሆኖ ስቴዝ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ሱቅ ተቀጠረ፣ ሱቁ አልሆነለትም፣ ከዛ በ1746 ዊትቢ መጥቶ ጆን ዎከር የሚባል የመርከብ ባለቤት ጋ ለሦስት ዓመት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ዎከር ኩዌከር ነው፣ ኩዌከሮች ቀለል ያለ ኑሮ የሚኖሩ፣ ትጉህና ቁም ነገረኛ የሆኑ ክርስቲያኖች ናቸው፣ በዛን ጊዜ ዊትቢ ውስጥ ብዙ መርከብ የነሱ ነበር።

የዎከር ቤት ግሬፕ ሌን ላይ አሁንም አለ፣ ሙዚየም ሆኗል፣ ጓሮው በቀጥታ ወንዙ ላይ ነው። ተለማማጆቹ መርከብ ላይ በማይሆኑበት ጊዜ ጣሪያው ስር ያለው ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት የነበረው፣ ወጥታችሁ ስታዩት ያ ሁሉ የእንጨት ማገር በራሱ የመርከብ ሆድ ነው የሚመስለው። የቤቱ ሠራተኛ ሜሪ ፕራውድ ማታ ማታ እንዲያጠና ጠረጴዛና ሻማ ትሰጠው ነበር ይባላል። የመጀመሪያ መርከቡ ፍሪላቭ ትባላለች፣ ከሰል ጫኝ ናት። ሰሜን ባሕር ላይ በጭጋግ፣ በአሸዋ ቁልል መሀል፣ ጥሩ ካርታ በሌለበት መንዳት የተማረው እዛ ነው። በ1755 ዎከር የመርከብ አዛዥ ላድርግህ ሲለው ጥሎ የንጉሡ ባሕር ኃይል ውስጥ ተራ መርከበኛ ሆኖ ገባ። የተመቸ ኑሮ ትቶ ከታች መጀመር ማለት ነው፣ ይሄ ውሳኔው ሁሌ ይገርመኛል።

ኩክ ያልታወቀ ባሕር ለማሰስ ላደረገው ትልቅ ጉዞ ለምን የከሰል መርከብ ተመረጠች? ባሕር ኃይሉ የተሻለ መርከብ አልነበረውም?

ነበረው እንጂ፣ ግን ለዚህ ሥራ የሚሆን አልነበረም። በ1768 የሚፈለገው ብዙ ምግብ የሚጭን፣ ያልታወቀ ዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚጠጋ፣ ሲበላሽ ደሞ ወደብ በሌለበት ባሕር ዳር ላይ ተጎትቶ የሚጠገን መርከብ ነው። ይሄ በሙሉ የዊትቢ ከሰል ጫኝ መርከብ ነው! ኧርል ኦፍ ፔምብሮክ የምትባል፣ በ1764 ቶማስ ፊሽበርን ዊትቢ ላይ የሠራት መርከብ ተገዝታ ስሟ ኤንዴቨር ተባለ። 368 ቶን፣ ርዝመቷ 30 ሜትር ገደማ፣ እዛች ውስጥ 94 ሰው ገብቶ ከፕሊመዝ ተነሳ።

ምርጫው ትክክል መሆኑ የታየው በሰኔ 1770 ነው። አውስትራሊያ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ማታ ማታ እየሄዱ ድንገት ኮራል ላይ ወጣች። አንድ ቀን ሙሉ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው እዛው ተሰክታ ቆየች፣ ፓምፑ ውሃውን አልችል አለ፣ መድፎቹን ጣሉ፣ ለሚዛን የተጫነውን ድንጋይ ጣሉ፣ በርሜሉን ጣሉ፣ ሁሉም ሰው ካፒቴኑም ሳይቀር በየተራ ፓምፕ ገፋ። ባሕሩ ሲሞላ ተነሳችላቸው፣ ከዛ አንድ ወጣት መኮንን የሚያውቀውን ዘዴ ሠሩ፣ አሮጌ ሸራ ላይ የገመድ ብጥስጣሽና ሱፍ ከፋንድያ ጋር እየለጠፉ በመርከቧ ሆድ ስር በገመድ ጎትተው አሳለፉት፣ ውሃው ራሱ ሸራውን ወደ ቀዳዳው ስቦ ደፈነው። በኋላ ወንዝ ዳር አውጥተው አሸዋ ላይ ሲያስተኟትና ሲያዩ ትልቅ የኮራል ቁራጭ ተሰብሮ እዛው ቀዳዳው ውስጥ ተወትፎ አገኙት፣ ያ ባይሆን መስጠማቸው ነበር። አሸዋ ላይ ቀጥ ብላ መቀመጥ መቻሏ ደሞ ከሰል ልታራግፍበት የተሰጣት ጠባይ ነው። ሬዞሉሽን፣ አድቬንቸርና ዲስከቨሪ የሚባሉት የቀጣዮቹ ጉዞዎች መርከቦችም ሁሉም ዊትቢ የተሠሩ ከሰል ጫኞች ናቸው። በ1787 የመጀመሪያዎቹን እስረኞች አውስትራሊያ ከወሰዱት መርከቦች ጋር ስንቅ ጭነው የሄዱት ፊሽበርንና ጎልደን ግሮቭም የዊትቢ ናቸው።

ታዲያ ኩክ ጀግና ነው ወይስ ቅኝ ገዢ?

መርከብ በመንዳትና ካርታ በመሥራት እሱን የሚደርስበት በጣም ትንሽ ሰው ነው፣ ካርታዎቹ ብዙ ዘመን አገልግለዋል። በሌላ በኩል በ1769 ኒውዚላንድ ሲደርሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የማኦሪ ሰዎች በጥይት ተገደሉ፣ የሰው አገር ላይ ባንዲራ ተክሎ የንጉሡ ነው ብሎ የፃፈውም እሱ ነው፣ በየካቲት 1779 ደሞ ሃዋይ ላይ የአገሬውን አለቃ አግቶ ሊወስድ ሲሞክር በተነሳው ግጭት ተገደለ። እኔ ልጆቼን ሳስጎበኝ ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ፣ ግማሹን ብቻ መንገር ለነሱም ለሞቱትም ጥሩ አይደለም።

ያ የአጥንት በር ምንድነው?

ዌስት ክሊፍ ላይ ያለው ማለታችሁ ነው፣ የዓሣ ነባሪ መንጋጋ አጥንት ነው። የመጀመሪያው በ1850ዎቹ ነው የቆመው፣ አጥንት ንፋስና ጨው ስለሚበላው በ1963 ከኖርዌይ በመጣ ተተካ፣ አሁን ያለው ደሞ በ2003 ከአላስካ የመጣ ነው፣ የአገሬው ሕዝብ በሕግ በተፈቀደለት መሠረት ካደነው ዓሣ ነባሪ የተወሰደ።

የቆመበት ምክንያት ከ1753 እስከ 1837 ድረስ የዊትቢ መርከቦች ወደ ግሪንላንድ በረዶ እየሄዱ ዓሣ ነባሪ ያድኑ ስለነበር ነው። ፀደይ ላይ ይሄዳሉ፣ ብርዱ ሳይገባ ይመለሳሉ። አደኑ የሚደረገው ከትልቁ መርከብ ወርደው በትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ ተጠግተው በጦር እየወጉ ነው፣ የተወጋው ዓሣ ነባሪ በረዶ ስር ጠልቆ ሲሮጥ ገመዱ ከፍጥነቱ የተነሳ የጀልባውን እንጨት እንዳያቃጥለው ውሃ ይደፉበታል። ስቡን ቆራርጠው በበርሜል ይዘው ይመጣሉ፣ ወራት የቆየ ስብ ዊትቢ ደርሶ ወንዙ ዳር ሲቀቀል ሽታው ከተማውን ሁሉ ይሞላ ነበር። ዘይቱ መብራት ነው፣ ከአፉ የሚወጣው ተጣጣፊው ነገር ደሞ የሴቶች ኮርሴትና ጃንጥላ ይሠራበታል። እንስሳው ሊያልቅ የደረሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ስኮርዝቢ ማነው? ስሙ በየቦታው አለ

ሁለት ናቸው፣ አባትና ልጅ፣ ሁለቱም ዊልያም። አባትየው በአደን የሚደርስበት አልነበረም፣ በ1807 ገደማ ምሰሶው ጫፍ ላይ በርሜል አስሮ ጠባቂው ከብርዱ ተከልሎ በረዶና ዓሣ ነባሪ የሚያይበትን ቦታ የሠራ እሱ ነው። በ1806 አባትና ልጅ ሬዞሉሽን በምትባል መርከብ (የኩክ አይደለችም፣ ሌላ ናት) 81 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ ሰሜን ድረስ ሄዱ፣ በዛን ጊዜ ማንም መርከብ ነድቶ እዛ ድረስ መድረሱ አልተመዘገበም።

ልጅየው ግን ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። በአሥር ዓመቱ ባሕር ላይ ወጣ፣ አደን እየመራ በጎን የባሕሩን ሙቀት ይለካል፣ የኮምፓስ ነገር ያጠናል፣ የበረዶ ብናኝ ቅርፅ በእጁ ይስላል፣ ስዕሎቹን ስታዩ በዛ ብርድ እንዴት እጁ ታዘዘለት ያሰኛል። በ1822 የግሪንላንድን ምሥራቅ ዳርቻ ካርታ ሠራ፣ ከዛ ባሕሩን ትቶ ቄስ ሆነ፣ ሊቨርፑል ላይ የመርከበኞች ቤተክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ቀድሞ የመራት ኤስክ የምትባለው መርከብ በ1826 ከአደን ስትመለስ ቤቷ ልትደርስ ትንሽ ሲቀራት ሬድካር አካባቢ ተሰበረች፣ የተረፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሱቆቹ ውስጥ ያለው ጥቁር ጌጥስ?

ጄት ይባላል፣ በሚሊዮን ዓመታት የተቀበረ የጥንት ዛፍ ነው፣ ከገደሉ ነው የሚወጣው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1861 ባሏ ሲሞት ለሐዘን ስላደረገችው ፋሽን ሆነ። የወደቡ ጉዳይ ስላልሆነ በዚሁ ልለፈው።

የ1861ዱ የላይፍቦት አደጋ ምን ነበር?

የካቲት 9 ቀን 1861 ከባድ ማዕበል መጣ፣ መርከቦች አንዱ ከአንዱ በኋላ ዳርቻው ላይ ይሰበራሉ። የላይፍቦቱ ሰዎች ዓሣ አጥማጆች ናቸው፣ ቀዝፈው እየሄዱ ሰው አውጥተው ይመለሳሉ፣ እንደገና ይሄዳሉ፣ አምስቴ ወጥተው አምስቴ ተመለሱ። ስድስተኛው ላይ ደክሟቸው ነበር፣ ግን ሌላ መርከብ ሲያዩ ወጡ፣ ሁለት ማዕበል ተጋጭቶ ጀልባውን ገለበጠው። ከተማው በሙሉ ዳር ላይ ቆሞ እያየ፣ ሚስቶቻቸውና ልጆቻቸው ባሉበት፣ ከ13ቱ 12ቱ ሞቱ። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ነው፣ ጀልባው ላይ ገና አዲሱ ነበር፣ በዛን ጊዜ እንግዳ የነበረውን የቡሽ ላይፍጃኬት የለበሰውም እሱ ብቻ ነበር። አንድ ጃኬት! ከዛ በኋላ ስለ ቡሽ ጃኬት ጥቅም ማንንም ማሳመን አላስፈለገም። ፍሪማን ባሕሩን አልሸሸም፣ በኋላ የላይፍቦቱ መሪ ሆኖ ከሃያ ዓመት በላይ አገለገለ፣ ከ300 በላይ ሰው በማዳን ተሳትፏል ይባላል። ጃኬቱን ለብሶ የተነሳው ፎቶ አለ፣ ጢሙ ሙሉ፣ እጁን አጣጥፎ፣ አይኑን ሳይሰብር ያያችኋል።

ላይፍቦቱን በበረዶ ላይ ጎተቱት የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ጥር 1881 ቪዚተር የምትባል መርከብ ሮቢን ሁድስ ቤይ ጋ ሰጠመች፣ ሰዎቹ ትንሽ ጀልባ ላይ ናቸው፣ ከዊትቢ በባሕር መሄድ አልተቻለም። ስለዚ ላይፍቦቱን በየብስ ወሰዱት፣ አሥር ኪሎሜትር ገደማ፣ ዳገትና ቁልቁለት፣ በረዶው ከሰው ቁመት በላይ የተከመረበት ቦታ አለ። ፊት ፊት ሰው በአካፋ ይጠርጋል፣ ከኋላ ፈረስና ሰው በገመድ ይጎትታል። ደርሰው ባሕር ላይ ጣሉት፣ መጀመሪያ ማዕበሉ መቅዘፊያቸውን ሰባብሮ መለሳቸው፣ ሁለተኛ ወጥተው ስድስቱንም ሰዎች አመጧቸው። መሪው ማን ነበር? ሄንሪ ፍሪማን።

ሮሂላ የምትባለው መርከብ ታሪኳ ምንድነው?

አንደኛው የዓለም ጦርነት እንደጀመረ ነው። ሮሂላ የሆስፒታል መርከብ ናት፣ ቁስለኞች ለማምጣት ወደ ዳንከርክ እየሄደች ጥቅምት 30 ቀን 1914 ሊነጋ ሲል በማዕበል ዊትቢ አጠገብ ሶልትዊክ የሚባል ቦታ ጋ ድንጋይ ላይ ወጣች። በጦርነቱ ምክንያት የዳርቻው መብራቶች ጠፍተው ነበር፣ የት እንዳሉ ማወቅ አልቻሉም። 229 ሰው ነበረባት፣ ከነሱ አንዷ ሜሪ ሮበርትስ ናት፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከታይታኒክ የተረፈች።

መርከቧ ከመሬት ብዙም አትርቅም፣ ሰው ገደሉ ላይ ቆሞ የሰዎቹን ፊት ሊያይ ምንም አልቀረውም፣ ግን መድረስ አልተቻለም። ጆን ፊልደን የምትባለውን ላይፍቦት በግንብ ላይ በእጅ አሻግረው፣ በድንጋዩ ላይ ጎትተው አወረዷት፣ ሁለት ጊዜ ሄዳ 35 ሰው አመጣች፣ ከዛ ድንጋዩ ሰባበራት። ሌላ ላይፍቦት ከገደል ጫፍ በገመድ አወረዱ፣ እሷም አልቻለችም። በዚህ መሀል መርከቧ ለሁለት ተሰበረች፣ ብዙ ሰው አብሮ ሄደ። የቀሩት ሌሊቱን፣ ቀኑን፣ ሌላ ሌሊት ያለ ምግብ ደርቀው ቆዩ። መጨረሻ ላይ ከታይንማውዝ ሞተር ያላት ላይፍቦት ተጠራች፣ ሄንሪ ቬርነን፣ በማዕበል፣ በጨለማ፣ መብራት በሌለበት ዳርቻ 70 ኪሎሜትር ገደማ መጣች። እሁድ ጠዋት ተጠግታ ዘይት ባሕሩ ላይ አፈሰሰች፣ ዘይት ማዕበሉን ለትንሽ ጊዜ ያስተኛዋል፣ በዛች ቅፅበት ገብታ የቀሩትን 50 ሰዎች በሙሉ አወጣች። ከ80 በላይ ሰው ሞቷል፣ ብዙዎቹ ከተማው መቃብር ውስጥ ናቸው፣ ሐውልታቸውም አለ። በመቅዘፊያና በሞተር መሀል ያለው ልዩነት ያን ቀን ለሁሉም ታየ።

መርከብ መሥራቱ ለምን ቆመ?

መርከቦቹ አደጉ፣ ወንዙ አላደገም። ተርንቡል የሚባሉት ቤተሰቦች ከ1871 ጀምሮ በብረት የእንፋሎት መርከብ ይሠሩ ነበር፣ ግን የሠሩት መርከብ ድልድዩን አልፎ ወደ ባሕር መውጣት አለበት፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው። በ1902 የመጨረሻውን ሠርተው ዘጉ። አሁን ያለው ከፍቶ የሚዘጋው ድልድይ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ግን አሁንም ይሠራል፣ ፓርኮል የሚባል ድርጅት ወንዙ ዳር አለ፣ ዕድለኛ ከሆናችሁ ገና ያልተቀባ የብረት ጀልባ ቆሞ ታያላችሁ።

አሁን ላይፍቦቱን የሚያንቀሳቅሰው መንግሥት ነው?

አይደለም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ አብዛኞቹም ሰዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ስልክ ሲጮህ ሥራቸውን ጥለው የሚሮጡ። ሳንቲም መጣያ ሳጥን በየሱቁ ታያላችሁ፣ ልጆቻችሁ እንዲጥሉ አድርጉ።

አንድ ቀን ብቻ ካለኝ ከየት ልጀምር?

ከሚድልዝብራ ከሆናችሁ ባቡሩ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ በኤስክ ሸለቆ ውስጥ ስለሚያልፍ መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው፣ ከሊድስና ከዮርክ ደሞ አውቶቡስ አለ። ጠዋት 199ኙን ደረጃ ሰው ሳይበዛ ውጡ፣ ቤተክርስቲያኑንና ገዳሙን እዩ፣ ስትወርዱ ግሬፕ ሌን የኩክን ሙዚየም፣ ከዛ ድልድዩን ተሻግራችሁ የላይፍቦት ሙዚየሙን፣ እዛ ውስጥ በመቅዘፊያ ይሠሩ ከነበሩት ላይፍቦቶች መጨረሻ ላይ የቀረችው አለች፣ ተጠግታችሁ መቀመጫዎቹን ቁጠሩ። ምሳ ከበላችሁ ወደ ግንቡ ጫፍ በእግር ሂዱ፣ ቺፕሳችሁን ግን ሸፍናችሁ ያዙ፣ ሲጋሎቹ ከእጅ ነጥቀው ይሄዳሉ። ሶልትዊክ ድረስ በታች በኩል በድንጋዩ ላይ ለመሄድ ካሰባችሁ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ሳታዩ እንዳትሞክሩት፣ ገደሉ ስር ማምለጫ የለም። በላይ በኩል ያለው የእግር መንገድ ይሻላል፣ ከዛ ላይ ባሕሩ ሲሸሽ ሮሂላ የወጣችበት ድንጋይ በደንብ ይታያል።